የዓይን ቆብ የሚገለብጡ እጆች

የሐዋሳ ሰው በአጭሩ «ሪፈራል» በሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ የዓይን ተመላላሽ ክፍሉ ደጃፍ ሰኞ ጠዋት ቀድሞ ይሞላል። ከሁላና ከአርቤጎና ደጋ ጋቢያቸውን ደርበው የወረዱ አዛውንቶች አሉ። ከጌዴኦ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲ፣ ከወላይታ ጎህ ሳይቀድ የተነሱም አሉ። ከአንዳንዱ አዛውንት ጎን ገና ለጋ የሆነ ልጅ ይቆማል፤ የዱላውን አንድ ጫፍ ይዞ አያቱን እየመራ የመጣ። ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደም። ምናልባት ትናንትም አልሄደ ይሆናል።

በዚህ ወረፋ መሀል አዲስ የተማሪ ቡድን በገባ ቁጥር የሚደገም ትዕይንት አለ። ነጭ ጋዋኗን የለበሰች የሲ-ቱ (የሁለተኛ ዓመት ክሊኒካል) ተማሪ አንዲት እናትን ታያለች። በስልኳ ባትሪ ብታበራ ጥቁር መሆን የነበረበት ብሌን ነጥቷል። በደስታ ወደ ሬዚደንቱ ሄዳ «የበሰለ ካታራክት»፣ ማለትም የዓይን ሞራ፣ ስትል ታቀርባለች። ሬዚደንቱ አይቆጣም፤ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቪኤዋ ስንት ነው?» የእይታዋን ልክ ማለቱ ነው። አልለካችም። እናትየዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የኢ ፊደል ሰሌዳ ትመለሳለች። «እማማ፣ ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑልኝ። አይጫኑት። አሁን የዚህኛው እግሮች ወዴት ነው የሚያዩት? በእጅዎ ያሳዩኝ።» እናትየዋ ሰሌዳውን አያዩትም። ተማሪዋ ጠጋ ብላ ጣቶቿን ታሳያለች፤ መቁጠር አልቻሉም። እጇን ታወዛውዛለች፤ ይህንንም አላዩም። ባትሪዋን ስታበራ ግን ብርሃኑን ከየትኛውም ማዕዘን ቢመጣ በትክክል ይጠቁማሉ።

ያ መጠቆም ብዙ ነገር ይናገራል። ሞራው ብርሃኑን ቢጋርደውም ከበስተኋላ ያሉት ሬቲናና የዓይን ነርቭ ምናልባት ደህና ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው የማየት ተስፋ አላቸው ማለት ነው። ብርሃኑን ከነጭራሹ የማያይ ዓይን ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ሌላ ነበር። ተማሪዋ በስሟ የጠራችው በሽታ ትክክል ነው። ለታካሚዋ የሚጠቅመውን ያወቀችው ግን ለክታ ስትመለስ ነው።

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የዓይን ሕክምና «ማይነር» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት የሚያልፍ አታችመንት። ከውስጥ ደዌ፣ ከቀዶ ሕክምናና ከማህፀን ዙሮች መሀል የሚመጣ ስለሆነ እንደ ማረፊያ የሚያዩት ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ጠዋት ፊርማ፣ ከዚያ ላይብረሪ፣ ፈተናው ሲቃረብ የሲንየሮች ኖትና ያለፉ ጥያቄዎች። ይህ መንገድ ፈተና ያሳልፋል። ነገር ግን ያ ተማሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ሲመደብ፣ የዓይን ስፔሻሊስቶቹ አብዛኞቹ አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ስለሆኑ፣ ለአካባቢው የዓይን ሐኪም እሱ ነው። ይህንን አጥብቄ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዓይን ሕክምናን በደንብ ማጥናት ማለት ለዚያ ወረዳ ማጥናት ማለት ነው።

ለዚያ ወረዳ ምን ይጠና? መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል። የሐዋሳው ሪፈራል ሆስፒታል አገልግሎት በጀመረበት በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ እይታቸው የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ውስጥ 49.9 በመቶው በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ባስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው መነጽር ባለማግኘት፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ነበር። ከጠቅላላው 87.4 በመቶው መከላከል ወይም ማከም የሚቻል ነው። የካንስኪን ወፍራም የዓይን ሕክምና መጽሐፍ ከፍቶ ስለ ብርቅ የኮርኒያ ውርስ በሽታዎች ሌሊቱን የሚያነብ ተማሪ አለ። ንባቡ አይከፋም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይህች አጭር የመቶኛ ረድፍ ከየትኛውም የይዘት ማውጫ የተሻለች መሪ ናት።

የእይታ ልኬቱን አስቀድሞ መማር የሚገባውም እነዚህን መንስኤዎች ለመለየት ነው። ኔዘርላንዳዊው ሄርማን ስኔለን ሰሌዳውን እ.ኤ.አ. በ1862 ሲያወጣ የተመሠረተው በቀላል ስሌት ላይ ነው። ጤናማ ዓይን በ6 ሜትር ርቀት የሚለየው ፊደል ቁመቱ 8.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ6/60ው ፊደል ደግሞ አሥር እጥፍ፣ 87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእያንዳንዱ እግር ውፍረት የቁመቱ አንድ አምስተኛ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት ካገኘ ለየትኛውም ጤና ጣቢያ ሰሌዳ ሠርቶ ሊሰቅል ይችላል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ሁሉንም በግማሽ አሳንሶ በ3 ሜትር ይለካል። ከዚያ ካርቶን ላይ በመርፌ የተበሳች ቀዳዳ ትመጣለች፤ ፒንሆል። በቀዳዳዋ ሲያዩ እይታው ጥርት ካለ ችግሩ በአመዛኙ መነጽር የሚፈታው ነው። ካልተሻሻለ ሞራ፣ ሬቲና ወይም ነርቭ ይጠረጠራል። በነጻ የምትሠራ ቀዳዳ መነጽር የሚበቃውን ሰው ሩቅ ሆስፒታል ድረስ ከመንከራተት ታድናለች።

ልኬት የማይቀድምበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ተማሪው እንደ ስሙ ሊያውቀው ይገባል። ሐዋሳ ሕንጻ በየአቅጣጫው የሚነሳባት ከተማ ናት። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሠራተኛ ሲመጣ ካርድ ማውጣት፣ ታሪክ መጠየቅ፣ ሰሌዳ ማስነበብ ይቆያሉ። ኖራና ሲሚንቶ አልካሊ ናቸው፤ የዓይንን ሕብረ ሕዋስ እያቀለጡ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቁ ከብዙ አሲዶች ይከፋሉ። ሳላይን ካለ በሳላይን፣ ከሌለ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ይታጠባል፤ የላይኛው ቆብ ተገልብጦ ከሥሩ የተሰወረው ቅንጣት ይወጣል። ቪኤ ከዚያ በኋላ ይለካል።

ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስመርረው ኦፍታልሞስኮፕ ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን መሣሪያ ሲሠራ የሰው ልጅ ሕያው ሬቲናን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ የአታችመንቱ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚያየው የራሱን ሽፋሽፍትና ቀይ ብዥታ ነው። ምክንያት አለው። መሣሪያው ምስሉን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ቢያጎላም በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ከሬቲናው ጥቂቷን ቁራጭ ብቻ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ ወደ ሰፊ አዳራሽ እንደማየት ያለ ነው። ቀዳዳው ላይ ዓይኑን ያልለጠፈ ሰው አዳራሹን አያይም። ስለዚህ መቅረብ ግድ ነው፣ ጉንጭ ጉንጭ እስኪነካ ድረስ፤ በዚህ የሚያፍር ተማሪ ፈንደስን፣ የዓይኑን የውስጥ ጀርባ፣ ሳያይ ይመረቃል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ክፍሉ ይጨልማል። ታካሚው ሩቅ ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ይተክላል። የታካሚው ቀኝ ዓይን በሐኪሙ ቀኝ እጅና በሐኪሙ ቀኝ ዓይን ይታያል፤ ግራውም በግራ። መጀመሪያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ በብሌኑ ውስጥ የሚበራውን ቀይ ነጸብራቅ መፈለግ ይገባል፤ በነጸብራቁ ላይ ጥላ ካለ ሞራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ነጸብራቁን ሳይለቁ ከጆሮ ግንድ በኩል ወደ አሥራ አምስት ዲግሪ አጋድሎ መጠጋት። የደም ሥር ከታየ ተመስገን ነው፤ የደም ሥሮች ሲከፋፈሉ የሚሠሩት ሹል ጫፍ ሁልጊዜ የዓይን ነርቩ መነሻ ወደሆነው ኦፕቲክ ዲስክ ያመለክታልና እሱን ተከትሎ መሄድ ነው። ዲስኩ ላይ ሲደርሱ ሦስት ነገር ይነበባል፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ፣ ቀለሙ ሮዝ ነው ወይስ የገረጣ፣ መሀሉ ያለው ጎድጓዳ ክፍል ከዲስኩ ስንት እጅ ይይዛል። ጎድጓዳው በሁለቱ ዓይኖች መካከል በግልጽ ከተለያየ ወይም ከዲስኩ ከግማሽ በላይ ሰፍቶ ከተገኘ ግላኮማ መጠርጠር አለበት። ግላኮማ በብዛት ሳያምና ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ያንን ጎድጓዳ ለማየት የደከመ ተማሪ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።

ይህን ችሎታ በታካሚ ላይ ብቻ ለመማር መሞከር ለታካሚውም ለተማሪውም ከባድ ነው። ዶርም ውስጥ ጓደኛ አለ። መብራት የጠፋበት ምሽት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ክፍሉ ጨልሟል፣ የወጣት ዓይን ጥርት ያለ ነው፣ የሚቸኩል ወረፋ የለም። አንዱ የሌላውን ዓይን እያየ ያየውን ዲስክ በእርሳስ ይሳል፤ ቦታ ተቀያይረው ይነጻጸሩ። መሳል ያስገድዳል፤ ያላዩትን መሳል አይቻልምና። የብሌን ምላሽንም በዚያው መለማመድ ይቻላል። የስልክ ባትሪ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሲወዛወዝ ብሌኑ በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ በዚያ ወገን ያለው ነርቭ ወይም ሬቲና ክፉኛ ተጎድቷል። ይህ ምርመራ ብሌን በጠብታ ከመስፋቱ በፊት መደረግ አለበት። ብሌን የሚያሰፋው ትሮፒካሚድ ከተጨመረ በኋላ ያስታወሰው ተማሪ የዚያን ታካሚ መልስ አጥቶታል።

ከሁሉ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ተማሪ የሚፈራው ደግሞ የላይኛውን ቆብ መገልበጥ ነው። ታካሚው ወደ ታች ያያል፤ ሽፋሽፍቱን ቀስ ብሎ ይዞ ከቆቡ በላይ በጥጥ እንጨት በስሱ ገፋ ማድረግ ነው። የውስጠኛው ገጽ ይገለጣል። ትራኮማ ያለበት አገር ውስጥ ይህ ገጽ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በዚያው የ1998 ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ 40.1ዱ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል 62.6፣ ሐዋሳ ዋና ከተማው በነበረችው የያኔው የደቡብ ክልል 33.2። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቀላል ምደባ አምስት ደረጃ ብቻ አለው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። በቆቡ መሀል አምስት ወይም ከዚያ በላይ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ፎሊክሎች ካሉ አንድ ደረጃ ነው። እብጠቱ ከግማሽ በላይ የውስጥ የደም ሥሮችን ከሸፈነ ሌላ ደረጃ ነው። ነጭ ጠባሳ ይከተላል፤ ከዚያ አንድም ሽፋሽፍት ቢሆን የዓይን ኳሱን መንካቱ፣ በመጨረሻም የኮርኒያ መደብዘዝ።

በእነዚህ ቃላት ጀርባ ያለውን ስቃይ ለማወቅ ወረንጦ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትመጣ እናትን ማየት ይበቃል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ኮርኒያዋን ይፍቃል፤ እሷም ትነቅለዋለች፣ ተመልሶ ይበቅላል። ሕፃናትን በማሳደጉ ሥራ ለኢንፌክሽኑ ይበልጥ ስለሚጋለጡ ሴቶች ከወንዶች በበለጠ ይጠቁበታል። ተማሪው ወረንጦ ያየ እንደሆነ ቆቡን ሳይገለብጥ መልቀቅ የለበትም።

ትራኮማን የተመለከተ ሌላም ነገር አለ፤ ስለ መማር ራሱ ብዙ ያስተምራል። በ2005 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተጀመረውና በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው የመረመረው የዓለም የትራኮማ ካርታ ሥራ መርማሪዎቹን የሚያሰማራው አሰልጣኙ «ጎበዝ ነው» ስላለ አልነበረም። ሠልጣኙ ሕፃናትን መርምሮ የራሱን መልስ ይጽፋል፤ አሰልጣኙም ለብቻው ይጽፋል፤ የሁለቱ ስምምነት ካፓ በሚባል መለኪያ ይሰላል። 0.7 ያልደረሰ አይሰማራም ነበር። አንድ የአታችመንት ተማሪ ይህን ያለ አንዳች ወጪ ራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ሲንየሩ የዓይን መመርመሪያው ስሊት ላምፕ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያየውንና የጠረጠረውን በኪስ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ሲንየሩ ያለውን ከጎኑ ያስፍር። በሳምንቱ መጨረሻ የት የት እንደሚለያዩ ያያል። ሁልጊዜ የሚያልፈው የኮርኒያ ቁስል ከሆነ ሰኞ ፍሎረሲን ጠብታና ሰማያዊ ብርሃን ይዞ ኮርኒያ ላይ ይዋል። ሲንየር ሲናገር ራስን እየነቀነቁ መስማት ግን የማወቅ ስሜት ብቻ ይሰጣል።

ይህ ስሜት አሳሳች መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ ተማሪዎችን ከፋፍለው፣ አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንዴ አንብቦ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ደጋግሞ እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነበቡት 83 በመቶ አስታውሰው በለጡ፤ የጻፉት 71 ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 ሲወርዱ የጻፉት 61 ላይ ቆዩ። ማታ ኖት በቀለም ከማስመር ይልቅ ያን ቀን የታየ አንድ ቀይ ዓይን በባዶ ወረቀት ላይ ከትዝታ ማስፈር ይሻላል። ሕመም አለው? እይታው ቀንሷል? ብርሃን ያስቸግረዋል? ብሌኑ ምን ይመስላል? እነዚህ ጥያቄዎች በትክክል ከተመለሱ ተራ የዓይን መቅላትን ከኮርኒያ ቁስል፣ ከውስጥ ብግነትና ከድንገተኛ የዓይን ግፊት መጨመር ለመለየት ብዙ መንገድ ተሄዷል።

አንዱን ሕመም ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይና አቧራ ውስጥ ስለሚበዛና ተማሪዎች ቀላል አድርገው ስለሚያልፉት። ዓይኑን ሌት ተቀን የሚያሽ፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል የጠቆረ ልጅ ይመጣል። አለርጂ ነው። እናቱ አንዴ ከፋርማሲ ያገኘችው የስቴሮይድ ጠብታ በአንድ ቀን አስታግሶለታል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ደግማ ትገዛለች፣ ትደጋግማለች። ማሳከኩ ይቀንሳል፤ የዓይኑ ግፊት ግን ሳይታወቅ ይጨምራል፣ ነርቩ ይሞታል፣ ሞራም ይከተላል። ያ ጉዳት አይመለስም። ተማሪው ያን ብልቃጥ አውጥታ እንድታሳየው እናትየዋን ይጠይቅ፤ ስሙን ያንብብ፤ ስንት ወር እንደተጠቀመች ይጻፍ። የዓይን ማደንዘዣ ጠብታንም ለማንም ወደ ቤት አይስጥ።

የሐዋሳ ተማሪ ሌላም ሥራ አለበት። ከየክልሉ ተመድቦ የመጣ ነውና ብዙዎቹ ታካሚዎች የሚናገሩት ሲዳምኛ ለእሱ ባዕድ ሊሆን ይችላል። «ወደ ላይ ይዩ፣ ወደ ታች ይዩ፣ አይዝጉ፣ ያምዎታል?» የሚሉትን ከነርሶቹ በመጀመሪያው ቀን መማር ለምርመራው ጥራት ከአንድ ምዕራፍ ንባብ ይበልጣል። በአስተርጓሚ ጩኸት የደነገጠ አዛውንት ዓይኑን ይጨምቃል፤ የተጨመቀ ዓይን ደግሞ አይገለበጥም፣ ግፊቱም በትክክል አይለካም።

ንባቡንም ቢሆን ከዚህ አገር መጀመር ይቻላል። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል በ1,000 የሽፋሽፍት መቀልበስ ታካሚዎች ላይ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2016 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ አሳትመዋል። በዓመቱ ሕመሙ የተመለሰባቸው በአንደኛው ዘዴ 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቢላዋው የት ላይ እንደሚያርፍ የሚነግር ማስረጃ ከዚሁ ከኛው ታካሚ ወጣ ማለት ነው። የለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚያወጣው የማኅበረሰብ የዓይን ጤና መጽሔትም በነጻ ይገኛል፤ የሚጻፈውም መሣሪያ ለጎደለበት ሐኪም ነው።

አታችመንቱ ያልቃል፤ ኦፍታልሞስኮፑ ይመለሳል። ብዙ ተማሪ የሚያጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓይን የዓይን ክፍል ብቻ ይመስለዋል። ኢንተርን ሲሆን ግን ውስጥ ደዌ ዋርድ ውስጥ ስኳር ያለባቸው ታካሚዎች ተኝተዋል፤ ሬቲናቸው ከመድማቱ በፊት የሚያይላቸው ሰው የለም። ማህፀን ክፍል የደም ግፊቷ የናረና «ዓይኔ ላይ ብልጭ ይልብኛል» የምትል ነፍሰ ጡር አለች። ሕፃናት ዋርድ ራሱን የሳተ የወባ ታካሚ አለ፤ ሬቲናው ላይ ያሉ ነጭ ምልክቶችና የደም ሥር ለውጦች ወባው አንጎል መድረሱን ለማረጋገጥ ይረዳሉ።

ከሁሉም በላይ የምሟገተው ስለ መውለጃ ክፍሉ ነው። አዲስ በተወለደ ልጅ ዓይን ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት መቀባቱ የተለመደ ነው፤ ቀይ ነጸብራቁን መፈተሹም እንዲሁ የተለመደ መሆን አለበት። ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታከመ አንጎሉ ማየትን ሳይማር ያልፋል፤ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ያንን ጊዜ አይመልስም። ነጭ ነጸብራቅ ደግሞ ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የሕፃናት ዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተያዘ የልጁን ሕይወት ማትረፍ ይቻላል። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኢንተርኑ በተረኛነቱ ሌሊት ከሚወስደው አንድ ኦፍታልሞስኮፕ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ መሣሪያው የሕፃናት ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጥ፣ ውጤቱም ከክብደቱ ቀጥሎ ካርዱ ላይ ይጻፍ።